ጉሮሮዎ ደረሰ?

ዶክተሯ የእንባ ቱቦ ትከፍት ነበር። ብዙ ሰው እንባ መውረጃ ቦይ እንዳለው የሚያውቀው ቦዩ ሲዘጋበት ብቻ ስለሆነ፣ ሥራዋን ስትናገር ሰዎች ይገረማሉ። እንባ ሳናለቅስም ቀኑን ሙሉ ይመነጫል። ዓይንን ካራሰ በኋላ በዓይን ጥግ ባለች ትንሽ ነጥብ ይገባና፣ አንዲት ከረጢት አልፎ፣ ወደ አፍንጫና ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ቦዩ የተደፈነበት ሰው ግን እንባው መሄጃ ያጣና በጉንጩ ይፈሳል። ገበያ መሃል ቆሞ፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ፣ እየሳቀም ሳለ ዓይኑን ይጠርጋል። «ምን ሆነህ ነው?» ይሉታል። «ምንም» ይላል። ማን ያምነዋል?

እሷ ይህንን በሌዘር ታስተካክለው ነበር። ከስፌት ክር ብዙም የማይወፍር የመስታወት ክር በዓይን ጥግ አስገብታ እስከ ከረጢቱ ትዘልቃለች። በአፍንጫ በኩል ደግሞ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ዘንግ ይገባል። የክሩ ቀይ ብርሃን በስሱ አጥንት አልፎ ስክሪኑ ላይ እንደ ፍም ሲታያት መርገጫውን በእግሯ ትጫናለች፤ ጨረሩም አጥንቱን በስቶ አዲስ መውረጃ ይከፍታል። ፊት ላይ አንዲት ጭረት አይቀርም። ታካሚው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።

ከዚያ ለክትትል ይመለሳል። የክትትሉ ክፍል ጠባብ ነው፤ ወደኋላ የሚለጠጥ አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት፣ የጥጥ ዕቃና ለሁሉም ነገር «ቶሎ ቶሎ» ስለምትል «ሲስተር ቶሎ» የሚል ስም የወጣላት ነርስ አሉበት። ዶክተሯ ጫፉ በደነዘዘ ቀጭን መርፌ ጨው ያለበት ውሃ በዓይን ጥግ ትለቅና ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች።

«ጉሮሮዎ ደረሰ?»

ጨው ጨው ካላቸው ቦዩ ክፍት ነው ማለት ነው። «ደረሰ» ይሏታል። ሁሉም ማለት ይቻላል «ደረሰ» ይሏት ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥም የእሷ እጅ ጥሩ እጅ ነው ይባል ነበር።

አማቷ ከእሷና ከባሏ ጋር ነበር የሚኖሩት። ግራ ዓይናቸው ለዓመታት ሲያፈስ ኖሯል። «ዕድሜ ነው» እያሉ ሲያልፉት ቆዩና በመጨረሻ ልጃቸው ተቆጣ።

«የእንባ ሐኪም ቤትሽ አስቀምጠሽ በመሐረብ ትኖሪያለሽ?» አላቸው፤ ራሱ እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ማተሚያ ቤት ውስጥ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ላይ የሚሠራ፣ ቀልድ የማይነጥፍበት ሰው ነበር። በቀዶ ጥገናው ቀን በሩ ላይ ቆሞ ሚስቱን፣ «አማቷን እንድታቃጥል ፈቃድ ያላት ምራት በዓለም ላይ አንቺ ብቻ ነሽ» አላትና ሲስተሮቹን ሁሉ አሳቃቸው። አማቷም ተኝተው እየሳቁ፣ «አይሳቁ፣ ፊትዎ ይንቀሳቀሳል» ተባሉ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ባሏ ሥራ ቦታው ደረጃ ሲወጣ ልቡ ቀጥ አለ። ባልደረቦቹ ሆስፒታል ሲያደርሱት በሕይወት አልነበረም።

ዶክተሯ ከቀብሩ ብዙም ሳትቆይ ሥራ ገባች። ዘመድ ሁሉ እረፊ ቢላትም «ቤት ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ?» አለች። በዚያው ሰሞን የአማቷ የክትትል ቀን ደረሰ። ጥቁር እንደለበሱ ወንበሩ ላይ ተደገፉ። እሷ ውሃውን ለቀቀች። ግማሹ ተመልሶ በጉንጫቸው ወረደ፤ ሲስተር ቶሎ በጥጥ ጠረገችው። ዶክተሯ ውሃው ሲመለስ አይታለች። በዚያ ሰሞን ግን ማየትና መገንዘብ ለየብቻ ሆነውባት ነበር።

«ጉሮሮዎ ደረሰ?»

አማቷ ፊቷን አዩ። «ደረሰ፣ ልጄ።»

«ጎሽ» አለች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ዶክተሯ ጠዋት ትነሳለች፣ ትታጠባለች፣ ሻይዋን ቆማ ትጠጣለች፣ ትወጣለች። ስትመለስ የቀረበላትን ትበላለች። «ጣፈጠሽ?» ሲሏት «አዎ» ትላለች፤ ምን እንደበላች ቢጠይቋት ግን አታውቀውም። ኀዘን ነው እንዳይባል ኀዘን አልነበረም። ኀዘን ቢመጣ ምናልባት በሩን ትከፍትለት ነበር። ጥርሱን ሊነቀል መደንዘዣ የተወጋ ሰው ጉንጩን በጣቱ ሲነካው እንደሚሰማው ዓይነት ነበር። ጉንጩ እዚያ እንዳለ ያውቃል፤ የራሱ መሆኑን ግን እርግጠኛ አይደለም።

አማቷ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ብዙ ጊዜ ታያቸዋለች። ሬዲዮ እያዳመጡ፣ ልብስ እያጣጠፉ፣ መስኮት ላይ ቆመው። ልጃቸውን እያሰቡ ነው ትልና፣ ሲያለቅሱ እንዳያፍሩ ብላ ቀስ ብላ ክፍሉን ትለቅላቸዋለች። ቆይተው ደግሞ ገበታ ላይ ቦታ ቀየሩ፤ ግድግዳውን በግራቸው አድርገው መቀመጥ ጀመሩ። ይህንንም አየች። ብርሃኑ አስቸግሯቸው ይሆናል አለች። ለክትትል ሲመጡ ትጠይቃቸዋለች፤ «ደረሰ» ይሏታል። ወደሚቀጥለው ሰው ታልፋለች።

ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ጠዋት አማቷ ከመኝታ ክፍላቸው ሳይወጡ ቀሩ። በሩን ስታንኳኳ፣ «ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነው፤ ሂጂ አንቺ፣ እንዳይረፍድብሽ» አሉ። ድምፃቸው የታፈነ ነበር። ገባች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል።

«እስቲ ይዙሩ፣ እማዬ።»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ።»

«ይዙሩልኝ።»

ዞሩ። በግራ ዓይናቸውና በአፍንጫቸው መካከል የወይን ፍሬ የሚያህል እብጠት ቀልቶ ቆዳውን ወጥሮታል። ሽፋሽፍታቸው በመግል ተጣብቋል። ግንባራቸው ይፋጃል። ዶክተሯ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም። እንባው መውጫ አጥቶ ከረጢቱ ውስጥ ተኝቶ መግሏል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ግራው ብቻ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ዓመቱን ሙሉ ሲጠርጉት የነበረው ግራውን ብቻ ነው?»

«ግራውን ነዋ። ቀኙማ መቼ ታሞ ያውቃል።»

ሰው በአንድ ዓይኑ አያለቅስም። ይህንን ለማወቅ ደግሞ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ እሷ ሐኪም ሆናም አላወቀችውም። እፍረቱ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። ተነሳችና ጫማቸውን ከአልጋው ሥር አወጣች።

ሆስፒታል ወስዳ እብጠቱን በትንሹ ከፈተችላቸው፣ መግሉን አስወጣች፣ መድኃኒት አስጀመረቻቸው። ሲስተር ቶሎ እንኳን ለአንድ ጊዜ ቶሎ አላለችም፤ ጥጥ ታቀብል ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ዶክተሯ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ ጠየቀች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያውም ብዙ አልቆየም። ትንሽ ደረቅ ብሎልኝ ነበር፤ ከዚያ ያው ሆነ።»

«ታዲያ ደረሰ ወይ ስልዎት?»

«አልደረሰም ነበር።»

«ለምን ደረሰ አሉኝ?»

አማቷ ፊታቸው ላይ የተለጠፈውን ፋሻ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ። «የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይልሻል? ከቀብሩ ወዲህ ከአፍሽ ቃል አልወጣም ነበር። ቤት ውስጥ እንደ ዕቃ ነበርሽ፤ አንድ ሰው ከዚህ አንስቶ እዚያ የሚያስቀምጥሽ ነበር የሚመስለው። ደረሰ ስልሽ ጎሽ አልሽኝ። ፊትሽ ትንሽ ፈታ አለ። አልደረሰም ብዬ እቺንም ልንጠቅሽ? ሆዴ እንቢ አለኝ።»

«ከዚያ በኋላስ? ስንት ጊዜ ጠየቅኩዎት!»

«ከዚያ በኋላማ አንዴ ብያለሁ። ዋሽቼሽ ነበር ብዬ ከየት ልጀምረው?»

መብራት ያዛቸው። ዶክተሯ ቀዩን እያየች ቆየች።

ቤት ገብተው፣ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ዓይናቸው ላይ ይዛላቸው ሳለ፣ አማቷ ሳይጠየቁ ሌላ ነገር አወጡ።

«ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ምን ይል እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹እሷስ እንባዋ አልቆመላትም› ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ዝም። እውነቱን ልንገርሽ? አንዲት ዘለላ አላለቀስኩም። ልጄን ቀብሬ አንዲት ዘለላ! ዓይኔ ብቻውን ይፈሳል፤ ሰው ያጽናናኛል። ውስጤን ብትይው ደረቅ ነው። ምን ዓይነት እናት ነኝ እያልኩ፣ እያፈርኩ በዚያችው ዓይን ተደብቄ ኖርኩ።»

ዶክተሯ ጨርቁን አንስታ ውሃው ውስጥ ነክራ ጨመቀችው።

«እኔም አላለቀስኩም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ከየት አወቁ?»

«ግድግዳችን ስስ ነው።»

ጨርቁን መለሰችላቸው። ያን ዕለት ዶክተሯ ክፍሉን ጥላ አልወጣችም።

በማግስቱ ሥራ ላይ አንድ ሐሳብ አልለቅ አላት። ኀዘንም ጸጸትም የሌለበት፣ እንደ ሒሳብ ያለ ሐሳብ ነበር። አንድ ሰው ለእሷ ሲል ዋሽቷል። ሌሎቹስ? ሲስተር ቶሎን ጠራችና በሌዘር የሠራቻቸውን ሰዎች ሁሉ እየደወለች እንድትጠራቸው ነገረቻት።

«የዳኑትንም?»

«መዳናቸውን ማን አየ?» አለች ዶክተሯ።

በዚህ ጊዜ ምንም ላለመጠየቅ ወሰነች። ዓይናቸው ላይ አንዲት ጠብታ ብርቱካናማ ማቅለሚያ ትጨምራለች፤ ትጠብቃለች፤ ከዚያ በሰማያዊ መብራት ታያለች። ቦዩ ክፍት ከሆነ ማቅለሚያው ወርዶ ዓይኑ ይጠራል፣ አፍንጫ ውስጥ ካሜራው ያገኘዋል። ዝግ ከሆነ ዓይኑ ጠርዝ ላይ እንደተኛ በአረንጓዴ ያበራል። «ማቅለሚያ ደግሞ ይሉኝታ የለውም» አለች ሲስተር ቶሎ ጠርሙሱን እየከፈተች።

መጀመሪያ የመጣው አንድ የታክሲ ሹፌር ነበር። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ወንበሩ የሚጠበው ሰው ነው። መብራቱ ሲበራ ዓይኑ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ።

«ደረሰ ብለውኝ ነበር እኮ» አለች ዶክተሯ።

«ብያለሁ።»

«ሳያፍሩ?»

«ዶክተር፣ ዓይኔን በጨው ያጠቡት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ከዚያ በኋላ እፍረት ከየት ላምጣ?»

ሲስተር ቶሎ ሳቋ አመለጣት። ዶክተሯ መሳቅ እንደነበረባት ገባት፤ ፊቷን ግን የሚያዘው አልተገኘም። ሹፌሩ ቀልዱ እንዳልሠራለት ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላ ቀዶ ጥገና ያዙብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ለምጄዋለሁ አሁን። ተሳፋሪው ሁሉ አይዞህ እያለኝ ይወርዳል።»

ቀጥላ የመጣችው የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። የእሷም ዓይን አበራ። «ልጆቹ በየቀኑ ‹ማን መታሽ?› ይሉኛል» አለች። ለምን እንዳልተናገረች ስትጠየቅ ጣቶቿን አየች። «በዚያ ቀን በር ላይ ስጠብቅ ባለቤትዎ ማረፋቸውን ሰማሁ። ገብቼ ሳይዎት ፊትዎ... አልደረሰም ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።» አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ደግሞ፣ «ደረሰ ወይ ስትይኝ መድረሱን የምትፈልጊው መሰለኝ፤ ትንሽ ጨው ጨው ብሎኝም ነበር መሰለኝ፤ እንጃ» አሉ። የደከማትን ሐኪም ላለማስቀየም ያሉ ነበሩ፤ ወረፋው ረዝሞ ከኋላቸው ያለው ሰው ያሳዘናቸው ነበሩ፤ ጥያቄው ሳይገባቸው እሺ ያሉም ነበሩ። ባሏ ከመሞቱ በፊት የሠራቻቸውም እንደዚያው።

በመጨረሻ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ተደፍነው ተገኙ።

ክፍሉን ወደሚመሩት ሽማግሌ ሐኪም ቢሮ ሄደች። እሳቸው ሌዘር አይወዱም፤ ፊትን ከውጭ በምላጭ ከፍተው፣ አጥንቱን በመሣሪያ ሰብረው የሚሠሩ የድሮ ሰው ናቸው። ያገኘችውን ሁሉ ቆማ ነገረቻቸው። የምታለቅስ መስሏቸው ወንበር ሳቡላት። አልተቀመጠችም።

«ቁስል መዳን ነው የሚያውቀው» አሉ። «አንቺ ቀዳዳ ከፈትኩ ትያለሽ፤ ሰውነት ግን ቆሰልኩ ይላል። ጠባሳ ሠርቶ ይደፍነዋል። የእኔ ቀዳዳ የሚተርፈው ሰፊ ስለሆነ ነው። የአንቺ ጠባብ ነው፤ በዚያ ላይ ጨረሩ ዙሪያውን ያቃጥለዋል። የተቃጠለ ደግሞ የባሰ ይጠባሳል።»

«ተዪው ይሉኛል?»

«እኔ ብሆን እተወው ነበር። አንቺ ግን የምትተዪ አይመስለኝም። ታዲያ ማቃጠሉን ቀንሺ፣ ማስፋቱን ጨምሪ፤ ከፍተሽም አትሂጂ፣ ጠብቂው።»

አሰበችበት። ማሰብ አልከበዳትም፤ የቀረላት እሱ ብቻ ነበርና። የጨረሩን ኃይል ዝቅ አደረገች፤ በአንድ ትንፋሽ ከመተኮስ ይልቅ እያረፈች ትተኩስ ጀመር። ጨረሩ የበሳውን በአፍንጫ በኩል በምትገባ ትንሽ መቆንጠጫ እየነከሰች አሰፋችው። ጠባሳ እንዳይቸኩል የሚያደርግ መድኃኒት በጥጥ ነክራ ቀዳዳው ላይ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጣ ታጥበዋለች። ከዚያ ከፀጉር ትንሽ የምትወፍር የሲሊኮን ቱቦ በላይኛውና በታችኛው የዓይን ሽፋን ጥግ ባሉት ነጥቦች አሳልፋ አፍንጫ ውስጥ ትቋጥራለች፤ ቦዩ ቱቦዋን አቅፎ እስኪድን ለወራት እዚያው ትቀመጣለች። ክትትሉንም ለወጠችው። አፍንጫ ውስጥ የሚጋገረውን ደምና ቅርፊት በየጊዜው በካሜራ እያየች ማንሳት ጀመረች። «ደረሰ ወይ» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ለሲስተር ቶሎ ሰጠቻት።

«እኔንም ቢዋሹኝስ?» አለች ሲስተሯ።

«አንቺን ማን ያዝንልሻል?» አለች ዶክተሯ። ሲስተር ቶሎ ቀና ብላ አየቻት። ቀልድ ይሁን አይሁን ሁለቱም እርግጠኛ አልነበሩም።

የአማቷ ኢንፌክሽን ደርቆ ለቀዶ ጥገና ሲደርሱ፣ ዶክተሯ አለቃዋ በምላጭ እንዲሠሩላቸው ጠየቀች። አማቷ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ካንቺ ሌላ ሰው አላስነካም።»

«የደፈንኩት እኔው ነኝ፣ እማዬ።»

«ታዲያ አንቺው ክፈቺው።»

በቀኑ በሩ ላይ የሚቀልድ ሰው አልነበረም። አማቷ የቀዶ ጥገና አልጋው ላይ ወጡ፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣመሩ። የዶክተሯ ዓይን ስክሪኑ ላይ ነበር። ያለፈው ዓመት ቀዳዳ የነበረበት ቦታ ነጭ ጠባሳ ሆኖ፣ ለስላሳ፣ አንዳች ነገር ነክቶት የማያውቅ መስሎ ታያት። ቀዩ ብርሃን ከኋላው በራ። መርገጫውን ተጫነች፣ አነሳች፣ ጠበቀች፣ ተጫነች። በመቆንጠጫዋ ዙሪያውን እየነከሰች አሰፋች። መድኃኒቱን አስቀመጠች፤ ሲስተር ቶሎ ሰዓት ያዘች። ቱቦዋን አሳለፈች፣ ቋጠረች። ጓንቷን ስታወልቅ ብብቷ በላብ ርሶ አገኘችው። መፍራቷን ያወቀችው ከዚያ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በክትትሉ ክፍል ውሃውን የለቀቀችው ሲስተር ቶሎ ናት። ዶክተሯ ከጀርባ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«ጉሮሮዎ ደረሰ?»

አማቷ ዋጥ አደረጉ። አሰቡ። ዓይናቸው ሲስተሯን አልፎ ወደ በሩ ሄደ።

«አልደረሰም» አሉ። እንደተያዘ ሌባ ነበር ድምፃቸው።

«አልደረሰም ልጄ፣ ምን ላድርግ» ብለው ደገሙ።

«ጎሽ» አለች ዶክተሯ። ካሜራውን አንስታ አፍንጫቸው ውስጥ ስታይ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ የደረቀ ቅርፊት ተጋግሮ እንደ ክዳን ተቀምጧል። ከሥሩ ቀዳዳው ሰፊ፣ ጤነኛ፣ ሮዝ ነበር። ቅርፊቱን ቀስ ብላ ነቅላ አወጣችው። ያን ቀን «ደረሰ» ብለዋት ቢሆን ኖሮ ቅርፊቱ እዚያው ሥር ሰዶ፣ ጠባሳው ከሥሩ ይገጥም ነበር። ሲስተር ቶሎ ውሃውን እንደገና ስትለቅ አማቷ ሳል ይዟቸው በእጃቸው ወደ ጉሮሯቸው አመለከቱ።

ቱቦው ከወጣ በኋላ ዓይናቸው ደረቀ። ማቅለሚያውም ይህንኑ መሰከረ። ሌሎቹም አብዛኞቹ ዳኑ። ልብስ ሰፊው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ቻልኩ ብለው ሲስተሯን መረቋት። አስተማሪዋ ዳነች። ሹፌሩ ግን እንደገና ተደፈነበት፤ ጠባሳው የማይረታ ሆነ። ዶክተሯ አስቀምጣ ነገረችውና አለቃዋ ጋ ላከችው። በምላጭ ሠሩት፤ አፍንጫው ጎን ትንሽ መስመር ቀረችበት፣ እንባው ግን ቆመ። «አሁን ማን አይዞህ ይለኛል?» ብሎ ሄደ። አለቃዋ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስለ ሌዘር ምንም ክፉ አልተናገሩም፤ ለእሳቸው ይህ ምስጋና ነበር።

ዶክተሯ ይህ ሁሉ ሲሆን ደስ ይላት እንደሆነ ራሷን ትጠይቅ ነበር። ደስታ የሚባለውን አላገኘችውም። ነገር ግን ማታ ራት ላይ ወጡ ጨው እንደበዛበት አንድ ቀን ሳትጠየቅ ተናገረች፤ አማቷም፣ «እሰይ፣ ምላስሽ ተገኘ» አሉ።

በዚያው ሰሞን የባሏ እህት ደወለች። በሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ልትወልድ ተቃርባለች። እናቷ እንዲመጡላት ከዓመት በላይ ስትለምን ነበር፤ እሳቸው ዓይኔን ልታከም፣ ክትትል አለብኝ፣ ብርዱ ይለፍ እያሉ ሲያዘገዩ ቆይተዋል። አሁን ሰበብ አልቆባቸዋል።

«ልሂድ ወይ?» አሉ ዶክተሯን።

«ይሂዱ እንጂ። ይፈልጉዎታል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሥራ አለኝ።»

አማቷ ልብስ ማጣጠፍ ጀመሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ አውቶቡስ መነሻው ወሰደቻቸው። ቦታው በሰውና በሻንጣ ተጨናንቋል፤ ድምፅ ማጉያው የማይሰማ ነገር ይናገራል። ሻንጣቸውን አስጫነች፣ ውሃ ገዛችላቸው፣ በመስኮቱ በኩል የዓይን ጠብታቸውን አቀበለቻቸው፤ «ጠዋትና ማታ፣ እንዳይረሱ» አለቻቸው። አማቷ ከመስኮቱ ዝቅ ብለው እጇን ያዙ።

«የኔ ልጅ፣ ካንቺ ጋር ያለሁት ዓይኔ ስላመመኝ አልነበረም።»

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«እንድታውቂው ብዬ ነው።»

ሞተሩ ተነሳ። ረዳቱ በሩን እየደበደበ ሂድ አለ። ዶክተሯ ከአውቶቡሱ ጎን መራመድ ጀመረች፤ ለምን እንደምትራመድ አላወቀችም። አውቶቡሱ በሰው መሃል ጥሩምባ እየነፋ ቀስ ብሎ ሲሄድ፣ ጎማው ቢተነፍስ፣ ሹፌሩ አንድ ነገር ረስቶ ቢወርድ፣ ምንም ነገር ሆኖ ትንሽ ቢዘገይ ብላ ተመኘች። ከስንት ጊዜ በኋላ የሆነ ነገር መፈለጓ ራሷን አስደነገጣት።

«መቼ ይመለሳሉ?» ብላ ጮኸች።

አማቷ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። «ምን አልሽ?»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ልጁ አንገቱን ሲያቀና!» አሉ። አውቶቡሱ አስፋልት ላይ ወጣና ሄደ።

ዶክተሯ እዚያው ቆማ ልጅ አንገቱን የሚያቀናው በስንት ወሩ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። ተምራው ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ስለሆነ ጠፍቷታል። አጠገቧ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ትኬት ትቆርጣለች። ዶክተሯ ቀረብ አለቻትና ጠየቀቻት።